ቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ? «ደህና ነኝ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ወገብሽን ብጠይቀው ግን ሌላ ይለኝ ነበር። እኔ ከደህናም በላይ ነኝ። ትናንት ጥናቴን በፈታኞች ፊት አቅርቤ አለፍኩ።

ስለ ጥናቱ በጠየቅሽኝ ቁጥር ሳድበሰብስብሽ ከርሜያለሁ። የአነስተኛ ማሳ ገበሬ ኑሮ በየትኛው መንገድ ቢለካ እውነቱ ይገኛል የሚል ነው። አንዱ መንገድ እኔ አዘጋጅቼው ባልደረባዬ ይዞት የመጣው መጠይቅ ነው። ጣሪያው ምንድን ነው፣ ስንት በሬ አለ፣ ጎተራው ውስጥ ስንት ኩንታል ቀርቷል ይላል። እኔ በሚያውቁኝ ሰፈር መጠየቅ ስለማይገባኝ ነው እሱን የላክሁት። ሁለተኛው መንገድ ጎረቤቶችን ሰብስቦ፣ ለየቤቱ አንድ ካርድ አዘጋጅቶ፣ ማን ደህና እንደሚኖር በካርዶቹ ማስደርደር ነው።

ሁለቱ በብዙው ቤት ተስማሙ። በቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁ። በመጠይቁ ከስልሳ ቤት መጨረሻ ወጣ፤ ባልደረባዬ በሬ የለም፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ በሩም ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም ብሎ ጽፎበታል። ጎረቤቶች ደግሞ አንደኛ አደረጉት።

አንዱ ፈታኝ፣ መነጽራሙ፣ ይህ ስህተት ነውና ሰርዢው አለኝ። ካልሰረዝኩ ላላልፍ እንደምችልም አልደበቀኝም። እምቢ አልኩ። ግትርነቴ ከማን እንደመጣ መቼም አይጠፋሽም። ግን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብዬ አይደለም፤ ጎረቤቶች የሰጡት ምክንያት የተጻፈበትን፣ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ማስታወሻ አነበብኩላቸው።

የቤቱ ባለቤት በየመከሩ ምርጥ ምርጡን የበቆሎ ራስ ለዘር እየለየች ታስቀምጣለች። ዝናብ ከድቶ ጎረቤት የዘራው ሁሉ መሬት ውስጥ የቀረ ጊዜ፣ ከእሷ ያልወሰደ ቤት የለም። የእሷን ማሳ ለማረስ ጎረቤት በሬውን ይዞ ይሻማል። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለዋል፦ «ጎተራዋ ባዶ አይደለም። እኛ ማሳ ላይ ቆሟል።»

እኔ መቶ አርባ ጥያቄ ሳዘጋጅ፣ የማን ዘር በማን ማሳ እንደበቀለ የሚል አንድ እንኳ አላስገባሁም ነበር። ይህንንም በፊታቸው አመንኩ። መነጽራሙም ቤቱ በጥናቱ ውስጥ ይቆይ አለ። ቀጥሎ ሴትዮዋን አውቃት እንደሆነ ጠየቀኝ። በጥናት ሕግ የመላሽ ማንነት አይገለጥምና አልመለስኩም። ኩራቴን ግን መደበቅ አቃተኝ፤ ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሳንኳኳ እንዳትነሺ፣ ወገብሽን አሳርፊው። በሩን ራሴ ከፍ አድርጌ እገባለሁ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እጅሽን ይባርክልኝ።

ያንቺው ግትር ልጅሽ