የስኳር ሙሽራሽን የበላት

ልጄ ኢኽላስ፣ አላህ በዚያ ብርድ አገር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ካልሲ የማድረግ ልቦናም ይስጥሽ። እኛ እዚህ ኦምዱርማን ያለነው ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ሰላም ነን።

መውሊድ ስለደረሰ አደባባዩ ላይ ለወንዶች ልጆች ከስኳር የተሠራ ፈረስ፣ ለሴቶች ልጆች የስኳር ሙሽራ መሸጥ ተጀምሯል። ትናንት በስልክ ስናወራ ለልጆችሽ፣ «አጎታችሁ ሙዛሚል ሙሽራዬን የበላ ሌባ ነው» ስትዪ ሰማሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትዪው ዝም ብያለሁ።

ሙሽራሽን የፈጀኋት እኔ ነኝ። ስኳር ከገበያ በጠፋበት ሰሞን የአባትሽ እህቶች ሳይታሰቡ መጡብኝ። ሻይ ያለ ስኳር ባቀርብላቸው እስከ ዛሬ ያወሩት ነበር። ከጀርባዋ የተሰካውን የወረቀት ማራገቢያ ነቅዬ ሙሽራዋን ለሻዩ ወቀጥኳት። ስታለቅሺ ደነገጥኩና በወንድምሽ አሳበብኩ። አባታችሁ ሲገርፈው ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ሙዛሚልን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ።

«ስትወቅጪ አይቼሽ ነበር እኮ፣ እማ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ምን ብዬ ልክሰስሽ?»

አንቺም ጠጥተሻል፣ ልጄ፤ ጣፈጠኝ ብለሽም አስጨምረሻል።

አላህ ልጆችሽን እንደ እሱ ያሉ ወንድማማቾች ያድርጋቸው። እባክሽ ደውዪለት። ለልጆችሽም ሌባዋ አያታችሁ ናት በያቸው።

እናትሽ ዘሃራ