ጀነት ትጀምር ወይስ ትቆይ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ጎረቤቴ ፋናዬ ዛሬ ደህና ውላለች። የፊቷ እብጠት ቀንሷል። ሾርባ ይዤላት ገባሁ፣ ግማሹን ጠጣች... አልሐምዱሊላህ። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ዲያሊስስ ነው። ቫን መጥቶ ይወስዳታል፣ ብቻዋን ተጋድማ ትመለሳለች። ባሏ ቶሎሳ ትራኩን ይዞ ቴክሳስ ነው። ልጃቸው ሚልኪ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች።

ጓደኛችን ህብረትም ልትጠይቃት መጥታ ነበር። የልጇን ሰርግ ስታወራ፣ "ሙሽራው ከልጄ ያጥራል፣ እሷ ደግሞ ሂል ጫማ ካላደረግኩ ትላለች!" ስትል ፋናዬ ሳቀች። "ኧረ ተይኝ፣ መርፌ የገባበትን ያመኛል" አለች።

እቤት ስገባ ጀነት ከልምምድ መጥታ ትዘላለች። ከሐሙስ ጀምሮ ኳርተርባክ አንቺ ነሽ ብላታለች ኮቿ። የኔ ልጅ! ገና አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ቡድኑ ውስጥ ከገባች ወሯ። የሴቶቹ የአሜሪካ ፉትቦል መጣጣል የለበትም፣ ወገብ ላይ የታሰረውን ጨርቅ መንጠቅ ነው። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ይዛ ለማን እንደምትወረውር የምትወስነዋ ናት። ቦታው ግን የሚልኪ ነበር።

"ሚልኪስ?" አልኳት።

"ሺ ኢዝ ኦኬ፣ ማም።"

ኦኬ? እናቷ ታማ ተኝታ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ሥራ ላይ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው። ፍሥሐን ጠየቅኩት፣ ዌርሃውሱ ውስጥ እንደሱ ኳስ የሚያውቅ የለም። "ከቻለች ትግባ እንጂ፣ ውኃ ውስጥ ሳይገቡ ዋና አይለመድም" አለ። ህብረትን በስልክ ጠየቅኳት። "አዲስ በሬ ካሮጌው ጎን ነው የሚጠመደው። አንድ ዓመት ቆማ ትይ፣ ምን ቸኮለች?" አለች። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

ግን የኔ ጭንቀት በሬም ዋናም አይደለም። ሰው ምን ይላል? ጎረቤታቸው ብትታመም የልጇን ቦታ ቀሙ አይሉም? ፋናዬን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ? ልጠይቃት አሰብኩና አፈርኩ... እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?

ጀነትን፣ "ለኮችሽ ገና አልደረስኩም በያት" አልኳት።

"ባት አይ አም ሬዲ!"

"በያት አልኩሽ።"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ጨዋታውን ሚልኪ ጀመረች። ተሸነፉ። ልጅቷ ዓይኗ ሜዳው ላይ አልነበረም... ፓርኪንጉን ፓርኪንጉን ታያለች። ጀነት አኮረፈችኝ። ይበርድላታል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ያ ረቢ። ፋናዬ ዲያሊስስ ላይ እንዳለች ስትሮክ መታት።

ሚልኪ ጨዋታ ላይ ስለነበረች ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አላነሳ ስትል ከዲያሊስሱ እኔን ኮል አደረጉኝ። ከሜዳው ከነመለያዋ አንስቼ ዳውንታውን ሆስፒታሉ ወሰድኳት። ፓርኪንግ ጋራዡ ውስጥ ስዞር ስዞር ቦታ አጣሁ፣ "አውርጂኝ" ብላ ሮጠች።

ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ነርሷ ነግራታለች... ፋናዬ ምላሷ ሳይተሳሰር በፊት ልጇን ስትጠራ ነበር።

"እትዬ ሃጀር፣ ጀነትን አስጀምሪያት ብዬ ኮቿን የለመንኳት እኔ ነኝ" አለችኝ።

"አንቺ? ለምን?"

"ጨዋታችን ዲያሊስሷ ቀን ላይ ስለሚውል ማሚ ጋ ልቀመጥ ብዬ። እዚያ ብቻዋን ትፈራለች። ለሰው አትናገርም እንጂ ትፈራለች። ጀነት አልደረስኩም ስትል ግን ቡድኑን ለማን ጥዬ ልሂድ?"

"ምነው ብትነግሪኝ፣ ልጄ..."

"አንቺስ ጠየቅሽኝ?"

ስድብ አልነበረም። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እኮ ለነሱ ብዬ... ለነሱ ነው? ወይስ ለሰው አፍ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ለጀነት ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ "አሁን ደርሻለሁ በያት" አልኳት።

"ደርሼ ነበር እኮ፣ ማም።"

በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ፋናዬ ከሆስፒታል ከወጣች ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዲያሊስሱ ተመለሰች። ሚልኪ አብራት ሄደች። እኔ ሜዳ ሄድኩ።

ጀነት ሒጃቧን ጠበቅ አድርጋ ጫፉን መለያዋ ውስጥ ከትታ ገባች። የመጀመሪያው ውርወራዋ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛውም። ወደ መስመሩ ዞር አለች። ሚልኪ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ትንሽ ቆመች... ሦስተኛውን ያዙላት።

እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ወደ ሜዳው አንስቼ ይዣለሁ፣ በቪዲዮ እንዲያዩዋት። ስክሪኑ ላይ ፋናዬ የዲያሊስሱ ወንበር ላይ ተጋድማለች፣ ሚልኪ አጠገቧ። ፋናዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልወጣትም። ቀኝ እጇም እምቢ ብሏል። በግራ እጇ ግን የሚልኪን እጅጌ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች፣ ጨዋታው ተጀምሮ እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።

ክንዴ ዛለ። አላወረድኩትም። ሜዳውን ለነሱ ሳሳይ እኔ እነሱን ሳይ ቆየሁ።

ማን እንዳሸነፈ ጀነትን ገና አልጠየቅኳትም።