ቀይ ቀለም የተቀባው ቀረሮ

ኅዳር 5 ቀን 1970፣ ሸቤ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛፍ የምንቆጥርበት ሦስተኛው የናሙና ቦታ አላለቀም። ገመዱ እንደተወጠረ እዚያው ያድራል። እግሬን ጉንዳን በልቶታል፣ እጄን ሳማ። ባልደረባዬ ደረጀ የዛፎቹን ውፍረት እየለካ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቁጥሩ የወደቀበት ዛፍ አዲስ ቆርቆሮ ይመታበታል፤ ከደረት ከፍ ብሎ ቀይ ቀለም ይቀባል። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ይኸው ነው። ያው ጫካ፣ ያው ዛፍ፣ ጥጉ ላይ ያው የብረት ካስማ። የኮሌጁ ፈረንጅ መምህራችን ከአብዮቱ በፊት ጀመረው፤ እሱ አገሩ ገባ፣ ሥራው ለደረጀና ለእኔ ቀረ።

የዘንድሮው ደስ አይልም። ትልልቆቹ የቀረሮ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን የሚተካቸው የለም። ችግኝ በጉልበታችን እየዳኽን ፈለግን፣ አጣን። ዱሮ ኮረሪማ የነበረበት አሁን ሐረግና ብሳና ነው።

ደብተሬ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ልመታ ነበር። አባ ፊጣን። ቤቱ ጫካው ዳር ነው፤ በመጣን ቁጥር ማደሪያ የሚሰጠን እሱ ነው። የናሙና ቦታችንን ግማሽ መንጥሮ ቡና ተክሎበት ጠበቀን። አንዱን ችግኝ ከነሥሩ ነቅዬ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። አንተ ብዬ ሰደብኩት፣ አባቴ የሚሆነውን ሰው። ገጀራውን አነሳ። ደረጀ መሃላችን ገባ።

"ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ዓመት ቆይተሽ ነው የምትመጪው" አለኝ፣ ገጀራውን ሳያወርድ። "እኔ ሁልጊዜ እዚህ ነኝ። ልጆቼን ምን ላብላቸው? ቅጠል ቆጥሬ?"

ንዴቱ ግን አሁንም አልበረደልኝም። ደረጀ ይስቃል። ስንዱ፣ አንቺን ሚሊሺያ ቢያደርጉሽ አገሩ ባዶ ይቀራል ይላል።

ኅዳር 8፣ ጅማ

ሥራው አለቀ። ስንመለስ ሸቤ መውጫ ኬላው ላይ አስቆሙን። ሾፌራችን ጋሽ ሺፋ ወርዶ በኦሮምኛ አጫወታቸው፤ እሱ የማያውቀው ሰው በዚህ መንገድ ላይ የለም። ሊያሳልፉን ሲሉ የቀለሙን ጣሳ አዩ። ቀይ ለምን? ለዛፍ። ዛፍ ለምን ይቀባል? ደረጀ ማስረዳት ጀመረ። ደረጀ ሲያስረዳ አጭር አያውቅም። ከሚሊሺያዎቹ አንዱ፣ ጥርሰ ፍንጭት ጎልማሳ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ከልቡ ያዳምጠው ነበር። ሌላው ጣሳውን ተቀብሎ መንገዱ ላይ ደፋው። በሉ አሁን ሂዱ አለ። በቀለሙ ላይ ነድተን ሄድን።

ጋሽ ሺፋ እስከ ጅማ የኋላውን መስታወት እያየ ነዳ። እሱ ሲፈራ እኔም እፈራለሁ።

ኅዳር 12

ከኮሌጁ መንገድ ዳር ሬሳ ተጥሏል። ደረቱ ላይ ወረቀት። የቀይ ሽብር መፈክር። ተማሪያችን ነው፤ ደረጀ ቤተ ሙከራ ያስተምረው ነበር። ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያየ እንዲያልፍ ታዘዘ። መምህራንም። እናቱ እንዳታለቅስ ተነግሯታል። መቀነቷን ነክሳ ቆማለች።

ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን አለፍን። ደረጀ ቆመ። የልጁ ጫማ ማሰሪያ ተፈቷል። ጎንበስ ብሎ አሰረለት፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ። ጥበቃዎቹ አዩት። ሰው ሁሉ አየው።

ከሰዓት ክፍል ገባሁ። ስለ ሥርና ግንድ ተናገርኩ። ከተናገርኩት አንድ ቃል አላስታውስም።

ኅዳር 15

ወሰዱት።

ከደረጀ ጋር ቅጠል የምናደርቅበት ክፍል ነበርን። ጠመንጃ የያዙ አራት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች። መጭመቂያዎቹን ገለበጡ፤ የዓመታት ቅጠል ጫማቸው ሥር ደቀቀ። ሸቤ ጫካ ውስጥ ዛፉ ላይ ያለው ቀይ ምልክትና ቁጥር ምንድን ነው? የዛፉ ቁጥር። ለማን ነው? ለእኛ። መንገድ ለማሳየት አይደለም? ለፀረ-አብዮተኞች? ደረጀ አሁንም ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። በሰደፍ ጥርሱን አወለቁት። እጁን ይዤ ጎተትኩ፣ ግድግዳው ላይ ወረወሩኝ። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ነበር። ዞር አለ።

ጥርሱን ከወለሉ አነሳሁት። ምን ላድርገው? በመሐረብ ቋጥሬ ኪሴ ውስጥ ነው።

ኅዳር 18

ደረጀ የታሰረበት ቀበሌ በር ላይ ምሳ ይዤ ከጠዋት ጀምሮ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። በልቷል ማለት ነው፤ ወይም ጠባቂው በልቷል።

ከዚያ እኔኑ ጠሩኝ። ካድሬው ጓድ መርሻ ነው የሚባለው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ንጹሕ። አይጮህም። ምልክቱ ወዴት ይወስዳል እያለ ያንኑ ይደጋግማል። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። የደረጀ ይሁን የሌላ አልለየሁም፤ እንዲህ ሲሆን የሰው ሁሉ ድምፅ አንድ ነው።

ይምጡና በዓይንዎ ይዩት አልኩ። ዛፍ መሆኑን ያያሉ፣ ይለቁታል ብዬ። እሺ አለ። ነገ ጠዋት እንወጣለን።

ጥር 14፣ ጅማ

ደብተሬ፣ የጋሽ ሺፋ ሚስት ሳጥኗ ውስጥ ደብቃህ ከረመች። ትናንት ተፈታሁ። ጎኔን ያመኛል፣ ስጽፍ አርፋለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። ለሌላ ሰው አፌ አይከፈትም።

ኅዳር 19 በሁለት መኪና ወደ ሸቤ ወጣን። ደረጀ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ከፊቴ ተቀመጠ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ወፌ ላላ ሰቅለው ገርፈውት እግሩ ጫማ አልገባለትም። ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ።

ጓድ መርሻ ቀዩን ምልክት ከዛፍ ዛፍ ተከተለ። ዞሮ ዞሮ የጀመረበት ተመለሰ።

"የት ነው የሚወስደው?" አለኝ።

"የትም አይወስድም። ዙሪያውን ነው።"

አባ ፊጣን አስጠሩ። እነዚህ ሰዎች እዚህ ለማን ነው ስንቅ የሚያመጡት ተባሉ። አባ ፊጣ ወደ እኔ አዩ። በአንዲት ቃል ሊጨርሱኝ ይችሉ ነበር።

"ዛፍ ይለካሉ፤ ወላሂ ሌላ ሥራ የላቸውም" አሉ። "ይህችኛዋ ለአንድ ቁጥቋጦ ብላ እኔን ልትደበድብ ነበር። ሽፍታ የሚያበላ ሰው ከባላገሩ ጋር ይጣላል?"

ሚሊሺያዎቹ ሳቁ። ጓድ መርሻ አልሳቀም። እንግዲያው ምልክቱ ይጥፋ አለ። እንፋቀው አልኩ። ዛፉ ይቆረጥ አለ። ገበሬዎቹን ከቡና ለቀማ ጠርተው መጥረቢያ አስያዟቸው። ትንንሾቹ በየተራ ወደቁ። ስማቸውን፣ ቁጥራቸውን፣ ዓምና ስንት እንደወፈሩ የማውቃቸው ሁሉ።

ከዚያ ትልቁ ቀረሮ። ደረጀ ቀና ብሎ አየ።

"መጀመሪያ ሐረጉን ቁረጡ" አለ። "ከጎኑ ካለው የሰሳ ዛፍ ጋር አስሮታል። ሲወድቅ ይዞራል።"

አፉን መቱት። ደግሞ ተናገረ። ደግመው መቱት።

ግንዱ ተሰነጠቀ፣ አዘነበለ፣ ሐረጉ መለሰውና ዞረ። ሰው ተበተነ። ያ የኬላው ፍንጭት ሚሊሺያ አላመለጠም። ከወገቡ በታች ግንዱ ሥር ቀረ። ጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሁሉም ሲሸሽ ደረጀ ብቻ እያነከሰ ወደ ግንዱ ሄደ። አጠገቡ ተንበረከከ። አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ፣ እኔን እየኝ ይለዋል። ለገበሬዎቹ ደግሞ ረጅም እንጨት አምጡ፣ ከዚህ በኩል ፈንቅሉ ይላል። ሰሙት። ሚሊሺያዎቹም ጠመንጃቸውን ጥለው ገቡ፣ እጁ የታሰረ ሰው እያዘዛቸው። ጓድ መርሻ ያልቻለው ይህን ይመስለኛል። "አሻጥረኛ" አለና ከኋላው ሄዶ ተኮሰ። ደረጀ ግንዱ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

የጥጉ የብረት ካስማ እጄ ውስጥ ነው። መቼ እንደነቀልኩት አላውቅም። ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሽጉጡ ወደቀ። ደግሜ አነሳሁ፤ አሁን ያነጣጠርኩት ጭንቅላቱን ነው። ልገድለው ነበር፣ ደብተሬ። ከኋላ በሰደፍ ጣሉኝ። ጓድ መርሻ፣ አትግደሏት፣ ትናገራለች ሲል ይሰማኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

ጥር 15

እስር ቤቱን አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ማታ ማታ ስም ሲጠራ የጠሩትን አይመልሱም። ስሜን እየጠበቅሁ የአንዷን ጓደኛዬን እጅ ይዤ ነበር። የተጠራችው እሷ ሆነች።

ለምን ተፈታሁ? ፍንጭቱ ሰውዬ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለዘመዶቹ፣ ዛፉን ያስቆረጠው ካድሬው ነው፣ ያስጠነቀቀንን ሰው ገደለው ብሎ ተናግሯል። ዘመዶቹ ሁሉ የታጠቁ ናቸው፤ አጉረመረሙ። ጓድ መርሻን አንድ ጠዋት ክንዱ እንደታሰረ የራሱ ጓዶች ወሰዱት። በምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ከሳሼ እሱ ነበርና እኔን ለቀቁኝ። ደስ አላለኝም። ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ፣ አልመጣም።

ኮሌጁ ጥናቱ ተዘግቷል ብሎኛል። ጫካ እንዳልሄድ።

ጥር 28፣ ሸቤ

ሄድኩ። ጋሽ ሺፋ እየተቆጣ አመጣኝ።

ጫካው መሃል ሰማይ ተከፍቷል። ጥላ የለመደው ሁሉ ነድዶ ደርቋል፤ የተረፈውን ሐረግ ወርሶታል። ሰሞኑን ትንሽ ዝናብ ጥሎ ነበርና ከተቆፈረው አፈር ላይ አረም በቅሏል። አባ ፊጣ የደረጀ መቃብር መሆኑን ጠቆሙኝ። ሬሳው ለጅብ ይቅር ተብሎ ነበር። እሳቸውና ወንድማቸው ናቸው የቀበሩት።

"የእናንተን ደንብ አላውቅም፤ የእኛን ላድርግ ብል ደግሞ ይከፋው ይሆናል አልኩ" አሉኝ። "አፈር ብቻ አልብሰነዋል። አላህ ያውቃል።"

ስለዚያ ስለ ሰደብኳቸው ቀን ልናገር ስል ተዪው አሉ።

ሜትሩን አወጣሁ። ከምዕራቡ ጥግ፣ ከተቆረጠው ጉቶ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ጮክ ብዬ ጠራሁት። የሚጽፍ የለም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልሠራሁም።

የካቲት 6፣ ጅማ

የደረጀ እናት መጡ። እማማ የሺመቤት፣ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ። ልጃቸው መሞቱን የሰሙት ከመንገደኛ ነው። ቤቴ በር ላይ ቆመው፣ ሳይቀመጡ፣ የት ጣላችሁት አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጥርሱን ከነመሐረቡ ሰጠኋቸው። ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው አለቀሱ። ከዚያ ጠየቁኝ፦

"ዛፍ ምን ይለካል፣ ልጄ? ዛፍ ያው ዛፍ አይደል?"

ጫካ በአንድ ቀን አይሞትም አልኳቸው። ዛሬ አንዱ ይጠፋል፣ ከርሞ ሌላው፤ ቆሞ የሚያየው ሰው አይታወቀውም። እዚያው ቦታ እየተመለሰ የሚቆጥር ካለ ብቻ ይታወቃል። ደረጀ የሚመለሰው ለዚያ ነበር።

የመሐረቡን ቋጠሮ ደግመው አጠበቁ። "ደግ። እኔም ለእሱ መጥቻለሁ" አሉ። "ያለ ፍትሐት ጫካ ውስጥ አይቀርም።"

የካቲት 8

አዲሱ ካድሬ ሬሳውን አውጥተን እንዳንቀብር ከለከለ። ፀረ-ሕዝብ መቃብር የለውም አለ። እማማ የሺመቤት እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። እሱ እግር ላይ አይወድቁም።

የሸቤው ቄስ ፈሪ ናቸው፤ ግን ካመጣችሁት አልመልሰውም ብለዋል። አባ ፊጣ በቡና ጫኝ ላኩብን፦ አርብ ሚሊሺያው ሁሉ ለስብሰባ አጋሮ ይወርዳል። ወንድማቸውን ይዘው ይጠብቁናል። ጋሽ ሺፋ ጠዋት እብዶች ናችሁ አለ፤ ከሰዓት ሁለት አካፋና አንድ አዲስ ሸራ ይዞ መጣ።

ብንያዝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጎኔ አሁንም ያስታውሰኛል። እማማ የሺመቤት ልብሳቸውን አጥበው አስጥተዋል። አርብ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ራሳቸው እንደሚቆፍሩ ይናገራሉ። ይህን አልፈቅድም። እናት የልጇን መቃብር አትከፍትም። መጀመሪያ አካፋ የምይዘው እኔ ነኝ።