ቤት ገብቶ የማይቀምሰው ጎብኚ

ይድረስ ለተከበሩ የሞያሌ የጣዕም ጉብኝት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ግመሎችዎና አዲሷ መኪናዎ ሁላችሁም ደህና እንደምትሆኑ እገምታለሁ። በአማርኛ መጻፌን ይታገሱኝ፤ ድንበሩን ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው በሬ ሲገዙ በአማርኛ እንዴት እንደሚከራከሩ ስላየሁ እንደሚገባዎ አልጠራጠርም።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ሰፈራችን ሰው ከናይሮቢ ድረስ ሊቀምሳት የሚመጣላት መሆኗን ባይነግሩን ኖሮ ዝም ብለን ምሳችንን እየበላን እንኖር ነበር።

አንደኛ፦ እዚህ ሰፈር በምሳ ሰዓት በር አይዘጋም፤ የገባ ሰውም ቢስሚላህ ብሎ ሳይቀምስ አይወጣም። ይህን ልማዳችንን አስጎብኚዎ ኬቨን «ነፃ ቅምሻ» ብሎ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶታል። ጎረቤቴ ሀያቱ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ ለልጆቿ የሠራችውን ሩዝና የግመል ሥጋ እንግዶችዎ እያሞገሱ ይበሉታል፤ ልጆቿ ደግሞ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እምቢ ማለት ትችላለች ይሉኝ ይሆናል። አትችልም፣ ነውር ነው። ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ስንት ሆቴል እያለ የእሷን ቤት የመረጡት።

ሁለተኛ፦ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው። ከጎብኚዎቹ መካከል ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ አንድ ሰው አለ፤ በመጣ ቁጥር የሀያቱን ቤት ግድግዳ በሜትር ይለካል እንጂ አይቀምስም። ሳህን ስታቀርብለት ጠግቤአለሁ ይላታል። ለምግብ ጉብኝት ጠግቦ የሚመጣ ሰው ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። በእኛ ዘንድ ቤት ገብቶ የማይቀምስ ሰው ወይ ቂም ይዟል፣ ወይ ሊወስድ የመጣው ነገር አለ። ቂም እንዳንል አይተዋወቁም። የቤቱ አከራይም ሰላምታ አሳጥሯል፤ ድሮ ስለ ፍየሎቿ ሳይቀር ይጠይቃት የነበረ ሰው አሁን ጣራውን አይቶ ያልፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና በግልጽ ልጠይቅዎ፦ ቤቱን ምግብ ቤት ልታደርጉት ነው? ሀያቱና ልጆቿስ የት ሊገቡ ነው?

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ንዴት አስረሳኝ።

ባለፈው ሐሙስ እንደ ልማዴ ከሱቄ ለምሳ ሀያቱ ዘንድ ብሄድ በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ገፋ ባደርገው ተቀርቅሯል። ከዚያ ድምጿን ሰማሁ፤ «ማን ነው?» አለች። ሃያ ዓመት ጎረቤት ስንሆን በምሳ ሰዓት እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አፈርኩ፣ አዘንኩም፤ ምሳዬን ሳልበላ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ለዚህም የኮሚቴዎ ድካም ምስጋና ይገባዋል።

በእርስዎ ሰፊ ትዕግሥትና በሚዘገየው መልስዎ የሚተማመን፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
መሐዲ ሻሪፍ፤ የጨርቅ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ጥርጣሬዬ ሐሰት ከሆነ ለማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ቀን ካሜራ ሳያስከትሉ ለምሳ ወደ ሀያቱ ይምጡ። እርስዎን አትመልስዎትም፤ ነውር ታውቃለች። እኛ ደጅ ቆመን የምናየው እርስዎ ይቀምሱ እንደሆነ ብቻ ነው።