ሙስተቅበል

ሪያድ፣ ሰኞ የካቲት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ዛሬ ላቦራቶሪውን ሳጸዳ ፍሪጁ ላይ በዓረብኛ የተለጠፈ አዲስ ወረቀት አነበብኩ፤ «የሰው ሙስተቅበል» ይላል። ደግሞ የሰው የወደፊት ዕድል ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ ብዬ ሱዳናዊውን ቴክኒሻን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

«ሙስተቅቢል ነው እህቴ፣ ተቀባይ ማለት ነው። «ወደፊት» ከሚለው ሙስተቅበል ጋር በዓረብኛ አጻጻፋቸው አንድ ነው። የሰውን በሽታ መከላከያ አስመስለው እዚህ ለምርምር የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። የሚገጥመው ነገር ሲመጣ ይቀበላል።»

«ካልመጣስ?»

«ኸላስ፣ በቃ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ከሥራ ስገባ አብራኝ የምትኖረው ዘሐራ «ለፋሲካ አገር ቤት ስትገቢ ኤርፖርት ማን ይቀበልሻል?» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ፣ ሰው አይጠፋም» አልኳት።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ይቀበለኛል ብዬ ስሙን የምጠራው ሰው የለኝም።