ጫማ ያወለቅንበት ደጅ

ለንደን፣ ጥቅምት ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። እኛ አለን፣ ክብሩ ይስፋ።

«አገሩን አይታችሁ ጻፉልኝ» ስላሉ፣ ቅዳሜ ከወንድሜ ከተክለአብ ጋር ኬኒንግተን በሚባል ሰፈር ያለውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አየን። በሩ ላይ እንደ አገራችን ጫማዬን አወለቅሁ፤ የተክለአብንም ጎንበስ ብዬ አወለቅሁለት። ቄሱ ግራ ገባቸው። ግቢው መቃብር ነው። ዛሬም ይቀበርበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ድሮ መሙላቱን፣ አሁን ብዙ አስከሬን እንደሚቃጠል ነገሩኝ። ለተክለአብ አልነገርኩትም።

ከዚያ ቴምዝ ወንዝ ልንሄድ ነበር፤ ተክለአብ ስለደከመው እዚያው አጠገብ ባለ ፓርክ ውስጥ አበባው ዘንድ ተቀመጥን።

አባባ ካረፉበት ጎን ያለውን ቦታ ሰው ይዞት እንደሆነ ይጻፉልኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ተክለአብ እጁ ስለዛለ በእኔ ብዕር ጉልበትዎን ይስማል።

ልጅዎ ጸዳለ