ውሃ ውስጥ ስለታሰረችው ታንኳ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አካሉ፣ የሾላ ዳር ፍተሻ ኬላ ኃላፊ

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ኬላዎ ማንም የማይደፍረው ይሁን እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከጎጃም ወደ ጎንደር ክፍለ ሀገር በታንኳ ስሻገር ተይዤ የተከሰስሁት መምህርት ፀሐይወርቅ ክንዱ ነኝ። ስለተደረገልኝ ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

1ኛ. አክስቴ ወይዘሮ የሺመቤት አንበሳሜ ላይ ያረፉት ቅዳሜ ሲሆን፣ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ይለፍ የሚሰጠው ሰኞ ነው። በሥራ ቀን አለማረፋቸው የእሳቸው ጥፋት ነው፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና ጥፋቱን ወርሻለሁ። ጥበቃዎችዎ እሑድን ሙሉ ኬላው ላይ ስላስቀመጡኝ ቀብሩ አመለጠኝ። ከማልቀስ ድካም ስላዳኑኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. የክሱ ቀጠሮ ኅዳር 20፣ በእናንተ በኩል ባለው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ለመቅረብ ይለፍ ያስፈልገኛል፤ ቀበሌዬ ደግሞ ክስ ላለበት ሰው ይለፍ አይሰጥም። ብቀር ጥፋተኛ ነኝ፣ ብመጣም ጥፋተኛ ነኝ። እንዲህ ያለውን ጥንቁቅ አሠራር ለተማሪዎቼ ባስረዳቸው ደስ ባለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ የማስተምረው ሒሳብ ነው።

3ኛ. ይህን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ያሻገሩኝን የአያ ደሞዝን ታንኳ ለማስረጃ ብላችሁ ውሃው ውስጥ አስራችኋታል። የደንገል ታንኳ በየቀኑ ከውሃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ካልደረቀች ትበሰብሳለች። አያ ደሞዝ ጥበቃዎን «ልጄ፣ እኔን እሰረኝ፤ እሷን ግን አውጣት» ብለው ሲለምኑት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማስረጃ ከተያዘበት አይነቃነቅም ተባሉ። ዓሣ የሚያጠምዱባት፣ አምስት ልጆች የሚያሳድጉባት ታንኳ ናት። ለቀጠሮው ቀን ከማስረጃችሁ የሚተርፈው ገመዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ታንኳዋ ዛሬውኑ ወደ ደረቅ መሬት እንድትወጣ ያዝዙልኝ። የእኔን ክስ እንደ ፈቀዱ ያቆዩት፤ ክስ ውሃ አያበሰብሰውም።

ኬላዎ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በተማርሁት ትዕግሥት፣ ማኅተምዎን ከነቀለሙ የማከብር፣

ፀሐይወርቅ ክንዱ

ግልባጭ፦
ገበያተኛው ታንኳ ሲጠብቅ ለሚያርፍበት ዋርካ (በግንዱ ላይ የሚለጠፍ)

ማስታወሻ፦ መልስዎ ካልደረሰኝ በመጪው እሑድ ያለ ይለፍ ተሻግሬ ታንኳዋን በገዛ እጄ አወጣታለሁ። ሁለተኛውን ክስ ከአሁኑ ጽፈው ይጠብቁኝ። የምሻገረው በዋና ስለሆነ የማንንም ታንኳ አያገኙብኝም። እርጥብ ነጠላዬን ለማስረጃ ከያዙት ግን፣ እባክዎ ፀሐይ ላይ ያስጡልኝ።